ዊንቸስተር 73፦ በጠመንጃ ዱካ የሚነገር የበቀል ታሪክ

በ1950 የወጣው «ዊንቸስተር 73» 92 ደቂቃ የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ የካውቦይ ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን ባጭሩ መናገር ይቻላል፦ ሊን ማክአዳም የተባለ ሰው ደች ሄንሪ ብራውን የተባለውን ደመኛውን ከአገር አገር ያሳድዳል፤ በመጨረሻም ያገኘዋል። ፊልሙ ግን ነገሩን እንዲህ አይተርከውም። ገና ከጅምሩ ካሜራው ባለደሙን ትቶ አንድ ጠመንጃ ይከተላል። ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ከሊን በቀር ባለቤት የሆነው ሁሉ ይሞታል፣ ባለደሙ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከዓይናችን ይሰወራል። ደመኛው ለሊን ምኑ እንደሆነ በግልጽ የምንሰማው ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ታሪኩ የተበታተነ ይመስለዋል። መበታተኑ ግን ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ፊልሙን ከብዙ የበቀል ፊልሞች በላይ ያደረገውም እሱ ነው ብለን እናምናለን። እንዴት እንደተሠራ ለማስረዳት መጨረሻውንም መናገር ግድ ስለሚል፣ ያላየው ሰው አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

በቀል ለምን ወደ ካውቦይ ፊልም ገባ?

ሆሊውድ በዚያ ዘመን ራሱን የሚቆጣጠርበት «የፕሮዳክሽን ኮድ» የሚባል ደንብ ነበረው። ደንቡ የወጣው በ1930 ቢሆንም በጥብቅ መሥራት የጀመረው በ1934 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የደንቡ መሥሪያ ቤት ያላጸደቀው ፊልም ወደ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች አይገባም ነበር። ደንቡ ስለ ግድያ በሚናገርበት ክፍል በዘመናችን የሚፈጸም በቀል ተገቢ ሆኖ መታየት እንደሌለበት ይደነግጋል። ወዲያው ግን አንድ ቀዳዳ ይተዋል፦ ሥልጣኔና ሥነ ምግባር ባልዳበረበት አገርና ዘመን፣ በተለይም ወንጀሉን የሚዳኝ ሕግ በሌለበት ሥፍራ፣ በቀል አንዳንዴ ሊታይ ይችላል።

በኒውዮርክ ወይም በሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው የአባቱን ደም ሲመልስ ማሳየት አስቸጋሪ ነበር። በ1870ዎቹ የምዕራብ አሜሪካ ጠፍ መሬት ላይ ግን ይቻላል። ቀዳዳው ሲከፈት ጸሐፊዎቹ አብሮት የሚሄደውን ብልሃት አዳበሩ፦ ገዳዩ ዳኛ በማይደርስበት ቦታ ይኖራል፣ ተበቃዩ ከኋላ አይተኩስም፣ ሟቹ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ሌላ ወንጀል ሲፈጽም ይታያል። «ዊንቸስተር 73» ይህን ሁሉ ያሟላል። ደች ሄንሪ በመጨረሻው ክፍል ዘራፊ ሆኖ ይመጣል፣ ሊንም ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ዳይሬክተሩ አንተኒ ማን ግን ደንቡን አክብሮ ደንቡ ያላሰበውን አደረገ፦ በቀሉን ትክክል ነው ሳይል፣ ተበቃዩን ምን እንደሚያደርገው አሳየ።

ጠመንጃው

ፊልሙ ስሙን ያገኘው ከዊንቸስተር ኩባንያ የ1873 ሞዴል ነው። ይህ ጠመንጃ በእኛ አነጋገር አሥራ አምስት ጎራሽ ነው። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ይተኛሉ፤ የሚሞሉትም በጠመንጃው ቀኝ ጎን ባለች ትንሽ የብረት በር አንድ በአንድ እየተገፉ ነው። ከምላጩ ሥር ያለው የጣት ማስገቢያ ብረት ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ ባዶውን ቀለህ ወደ ላይ ይተፋል፣ መምቻውን ይወጥራል፣ አዲሱን ጥይት ያጎርሳል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጠመንጃውን ከትከሻ ማውረድ አያስፈልግም። ከእሱ በፊት የነበረው የ1866 ሞዴል አካሉ ከነሐስ መሰል ቅይጥ ስለነበር ጠንከር ያለ ጥይት አይችልም፤ በ1873 አካሉ ወደ ብረት ተለወጠ፣ ጥይቱም 40 ግሬን (2.6 ግራም ያህል) ባሩድና 200 ግሬን (13 ግራም ያህል) እርሳስ የሚይዘው አዲሱ ዓይነት ሆነ። በተከታዮቹ አሥርታት ከ700 ሺህ በላይ ተመርቷል።

በፊልሙ ውስጥ ለሽልማት የቀረበው ጠመንጃ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ «ከሺህ አንዱ» ይባላል። ይህ የጸሐፊ ፈጠራ አይደለም። ኩባንያው በ1870ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ካታሎግ አሠራሩን ያስረዳል፦ አፈሙዞቹ በፋብሪካው ውስጥ እየተተኮሱ ይፈተሻሉ፤ ጥይቶቻቸው እጅግ ተቀራርበው ዒላማ ላይ ያረፉት ተለይተው ልዩ ምላጭና ልዩ ማስጌጫ ይደረግላቸዋል፣ «ከሺህ አንዱ» የሚል ጽሑፍ ይቀረጽባቸዋል፣ በ100 ዶላርም ይሸጣሉ። ሁለተኛ የወጡት «ከመቶ አንዱ» ይባሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ ከብት ነጂ ደመወዝ በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር ስለነበር፣ ጠመንጃው የሦስት ወር ጉልበት ማለት ነው። ከ1873ቱ ሞዴል በዚህ ማዕረግ የተሠሩት 130 ገደማ ብቻ ናቸው። ስቱዲዮው ዩኒቨርሳል ፊልሙን ሲያስተዋውቅ እነዚህ ጠመንጃዎች በማን እጅ እንዳሉ በአገር አቀፍ ደረጃ አፈላለገ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ለእነሱ የሚከፍሉት ትልቅ ዋጋ አንዱ ምንጭ ይኸው ፍለጋ ነው።

የጠመንጃውን ባሕርይ በዚህ መጠን ማወቅ የሚያስፈልገው ፊልሙ ራሱ ስለሚጠቀምበት ነው። በመሐል ላይ ሊንና ጓደኛው ሃይ ስፔድ፣ ሕንዶች በሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በተከበበ የፈረሰኛ ጦር ሰፈር ውስጥ ያድራሉ። ወታደሮቹ የያዙት ስፕሪንግፊልድ አንድ ጎራሽ ነው፤ አባቶቻችን አድዋ ከያዙት ውጅግራ ጋር የአንድ ዘመን መሣሪያ፣ አሠራሩም እንደ እሱ ተኩሶ፣ ቀለህ አውጥቶ፣ እንደገና ማጉረስ ነው። ሊን ለሳጅኑ የሚነግረው ምክር ከዚህ የመጣ ነው፦ የመጀመሪያው ማዕበል የሚመጣው ወታደሩን ለማስተኮስ ነው፤ ጠመንጃው ሲነጥፍ ሁለተኛው ማዕበል ይደርሳል። ስለዚህ ባለብዙ ጎራሾቹ ለሁለተኛው ማዕበል መቆየት አለባቸው። ዳይሬክተሩ ትዕይንቱን የሠራው ይህ ስሌት ለተመልካቹ ግልጽ ከሆነ በኋላ ነው፤ ማን መቼ እንደሚተኩስ ስለምናውቅ ውጊያው ግራ አያጋባም።

የጠመንጃው ጉዞ

ታሪኩ የሚጀምረው በጁላይ 4 ቀን 1876፣ አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን በምታከብርበት ዕለት፣ በካንሳሷ ዶጅ ሲቲ ነው። በከተማው ሕግ አለ፦ ማርሻል ዋያት ኧርፕ ወደ ከተማው የሚገባውን ሁሉ መሣሪያ ይሰበስባል። ሊን መጠጥ ቤት ሲገባ ደች ሄንሪ ተቀምጧል። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት እጃቸውን ወደ ወገባቸው ይወረውራሉ፤ ወገባቸው ላይ ግን ምንም የለም። ከሁለት ሴኮንድ በማይበልጥ እንቅስቃሴ ሕግ ያለበት ቦታና የሌለበት ቦታ ድንበር ተሰመረ። ደሙ የሚፈስሰው ከከተማው ውጭ ነው፣ ኮዱ በፈቀደው ምድር።

ከዚያ የዒላማው ውድድር ይመጣል። ሊንና ደች እኩል ይወጣሉ፤ ዒላማው እየራቀ፣ እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሊን ወደ ላይ በተወረወረ ቀለበት መሐል አሳልፋለሁ ይላል። ቀዳዳው ባዶ ከሆነ ማለፉን ማን ያረጋግጣል? ስለዚህ ቀዳዳው ላይ ቴምብር ይለጠፋል፣ ሊንም ቴምብሩን ይበሳዋል። ተኩሱን በእውነት የተኮሰው ለዊንቸስተር ኩባንያ የትርኢት ተኳሽ የነበረው ኸርብ ፓርሰንስ ነው። ሊንን የሚጫወተው ጄምስ ስቱዋርትም ጠመንጃውን አያያዙ የልማድ እስኪመስል ድረስ ስለተለማመደ፣ ሲያቀባብል እጁን አያይም። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሲያቀባብል ጠመንጃውን ዝቅ ብሎ የሚያይ ተዋናይ በየፊልሙ ስላለ ልዩነቱ ይታወቃል።

ሊን አሸንፎ የወሰደውን ጠመንጃ ደችና ሁለት ጓደኞቹ ክፍሉ ውስጥ አድፍጠው፣ ደብድበው ይነጥቁታል። ከዚያ ይሮጣሉ፤ ሲሮጡ ግን የራሳቸውን መሣሪያ ከማርሻሉ አልወሰዱም። ያላቸው ጥይት የሌለው ውድ ጠመንጃ ብቻ ነው። በጠፍ መሬት ያገኙት የመሣሪያ ነጋዴ ችግራቸውን አይቶ ዋጋ ይሰቅላል፤ በንግዱና በካርታው ጨዋታ መሐል ጠመንጃው ወደ እሱ ይዞራል። ነጋዴው ደግሞ ለሕንዶቹ አለቃ ለያንግ ቡል አሮጌ መሣሪያ ሊሸጥ ሲሄድ፣ አለቃው ያንን ጠመንጃ ካልሆነ ይላል፤ ነጋዴው እምቢ አለ፣ ሞተ። ያንግ ቡል በፈረሰኞቹ ሰፈር ውጊያ ሲወድቅ ጠመንጃው እሣሩ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ጸሐፊዎቹ ሮበርት ሪቻርድስና ቦርደን ቼዝ የሠሩት ነገር ይደነቃል። ያንግ ቡልን የጣለው ሊን ራሱ ነው። ሳጅኑ ጠመንጃውን አንስቶ ሊሰጠው ሲፈልግ ሊን ሄዷል። የፈለገው ነገር ጥቂት እርምጃ ቀርቶት አለፈው፤ ምክንያቱም ዓይኑ ያለው ደመኛው ላይ ብቻ ነው። ሳጅኑ ጠመንጃውን ለስቲቭ ይሰጠዋል። ስቲቭ፣ እጮኛውን ሎላን ሕንዶች ሲያሳድዷቸው ጥሏት የሸሸና ኋላ የተመለሰ ደካማ ሰው ነው። ከስቲቭ ወደ ዋኮ ጆኒ ዲን፣ ከዋኮ ተመልሶ ወደ ደች። ዋኮን የተጫወተው ዳን ዱርየ ነው፤ እየሳቀ ሰው የሚያዋርድ ነፍሰ ገዳይ። ስቲቭን በሰው ፊት አዋርዶ፣ አናድዶ፣ ጠብ ራሱ እንዲጀምር ካደረገ በኋላ ይገድለዋል። ፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያስጨንቀው ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጠመንጃው ሰበብ ብቻ እንደሆነ እዚህ እናያለን።

የተደበቀው ነገር

ደች ሄንሪ ስሙ ማቲው ማክአዳም ነው፤ የሊን ወንድም። ወንጀል ሠርቶ መሸሸጊያ ፍለጋ ወደ ቤት በመጣ ጊዜ አባታቸው አልደብቅህም አለው፣ እሱም አባቱን ከኋላ ተኩሶ ገደለ። ይህን ለሎላ የሚነግራት ሃይ ስፔድ ነው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ቋጥኝ ላይ እየተታኮሱ ሳለ።

ለእኛ አንባቢ ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ደም በደም ሲመለስ ሟች በአንድ ወገን፣ ገዳይ በሌላ ወገን መሆን አለበት፤ ሽማግሌም ቢገባ የሚያስታርቀው ሁለት ቤት ነው። እዚህ ግን ባለደሙና ደመኛው የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ሊን የአባቱን ደም ሲመልስ የአባቱን ልጅ ይገድላል፤ ካሣ የሚከፍል ቤት፣ ካሣ የሚቀበል ቤትም የለም።

ምስጢሩ የተያዘው ለማስደነቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ አንዴ ታይቶ ያልቅ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት ግን ፍንጩ በየቦታው ተዘርግቷል። በውድድሩ ላይ የሁለቱ አተኳኮስ ተመሳሳይ ነው፤ ያስተማራቸው አንድ ሰው መሆኑ በንግግራቸው ውስጥ ያልፋል። መጠጥ ቤት ውስጥ እጃቸውን የሚወረውሩት በአንድ ዓይነት አኳኋን ነው። ሃይ ስፔድ፣ አደኑን የለመድከው ብቻ ሳይሆን የወደድከው ትመስላለህ ብሎ ሊንን ሲወቅሰው፣ ሊን አልወደድኩትም፣ ግን ሰው ማድረግ ያለበት ነገር አለ ብሎ ይመልሳል። ጠመንጃው ዓይናችንን ባይወስደው ኖሮ ይህን ሁሉ ቀድመን እንገጣጥመው ነበር። የጠመንጃው ጉዞ ዋና ሥራ ይህ ነው፦ ተመልካቹ ዕቃውን ሲከተል የቤተሰቡ ነገር ከሥር እየበሰለ ይቆያል።

የስቱዋርት ፊት

በቴክሳሷ ታስኮሳ ሊን ዋኮን መጠጥ ቤት ውስጥ ያገኘዋል። ደች የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ክንዱን ጠምዝዞ ፊቱን ከባንኮኒው ጋር ያጣብቀዋል፣ ካሜራውም ወደ ሊን ፊት ይቀርባል። ዓይኑ ፈጦ፣ ጥርሱ ተነክሶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ይታያል። የ1950ው ተመልካች ስቱዋርትን የሚያውቀው የዋህ፣ ቃል እየተደናቀፈበት የሚናገር የአገር ልጅ ሆኖ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ተዋግቶ ከተመለሰ በኋላ የሠራቸው ፊልሞች ገበያቸው ቀዝቅዞ ነበርና፣ ይህ ፊት መንገዱን ለወጠው። አንተኒ ማንና ስቱዋርት እስከ 1955 ድረስ አብረው አምስት የካውቦይ ፊልሞች ሠሩ፤ በብዙዎቹ ይኸው ቁጣውን በግድ የሚይዝ ሰው ይመለሳል።

አንተኒ ማን ከዚህ በፊት በዝቅተኛ በጀት የሚሠሩ፣ በጥላ የተሞሉ የወንጀል ፊልሞችን ነበር የሚያዘጋጀው። ሥራው መጀመሪያ ለሌላ ዳይሬክተር፣ ለፍሪትዝ ላንግ ታስቦ ነበር፤ እሱ ሲቀር ለአንተኒ ማን ደረሰ። የካሜራ ባለሙያው ዊሊያም ዳንየልስ ደግሞ የዝነኛዋን ተዋናይት የግሬታ ጋርቦን ፊት ለዓመታት ያበራ ሰው ነው። የቤት ውስጥ ትዕይንቶች የወንጀል ፊልም ጨለማ፣ የውጩ ትዕይንቶች ደግሞ ከቅርብ ድንጋይ እስከ ሩቅ ተራራ የጠራ ምስል የኖራቸው በሁለቱ ሰዎች ልምድ ነው።

ቋጥኙ ላይ

የካውቦይ ፊልም የመጨረሻ ተኩስ ብዙ ጊዜ በመንደር መንገድ፣ በሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ነው። አንተኒ ማን ግን ተኩሱን ወደ ላይ አቆመው። ደች ሽቅብ ሮጦ ከፍታውን ይይዛል፤ እጁ ላይ ፍጹም ነው የተባለው ጠመንጃ አለ። ሊን ከታች ነው፣ መሣሪያውም ተራ ነው። በሒሳብ ደች ማሸነፍ ነበረበት።

የማያሸንፍበትን ምክንያት ፊልሙ በምስል ያስረዳል። የአፈሙዙ ጥራት የሚጠቅመው ዒላማው ሙሉ ሆኖ ከሩቅ ሲታይ ነው። በቋጥኝ መሐል የሚታየው ክርን፣ ባርኔጣ፣ የጫማ ጫፍ ነው፤ ጥይቱ ድንጋይ ገጭቶ ይነጥራል፣ የድንጋይ ፍንጣሪው ፊት ይቆርጣል። በዚያ ላይ ደች ይቸኩላል። ሊን ከታች ሆኖ፣ አባታችን ጥይት አታባክን አላለህም ወይ እያለ ያስታውሰዋል፤ ስድብም ምክርም የሆነ ንግግር ነው። አንድ አባት ሁለቱንም አስተምሯል፤ የሚያሸንፈው ትምህርቱን የያዘው ነው። ሊን ጠመንጃውን ይዞ ወደ ሎላና ወደ ሃይ ስፔድ ሲመለስ ፊቱ ላይ የድል ምልክት የለም።

ገንዘቡ

ፊልሙ በሆሊውድ ታሪክ የሚጠቀስበት ሌላ ምክንያት ውሉ ነው። የስቱዋርት ዋጋ 200 ሺህ ዶላር ነበር፣ ዩኒቨርሳልም ያን ያህል መክፈል አልፈለገም። ወኪሉ ሉ ዋሰርማን ደመወዙ ቀርቶ የትርፍ ድርሻ እንዲሆን ተደራደረ። ለተዋናዩ ሁለት ጥቅም ነበረው፦ ፊልሙ ከተሳካ ገቢው ጣሪያ የለውም፤ ደግሞም ያኔ ከፍተኛ ደመወዝ ላይ የሚጣለው ግብር በላይኛው እርከን ከ80 በመቶ በላይ ስለነበር፣ በየዓመቱ ተከፋፍሎ የሚመጣ የትርፍ ገቢ ይቀለዋል። ለስቱዲዮውም ኪሣራውን የሚጋራው ሰው ተገኘ። ስቱዋርት በመጨረሻ ያገኘው ወደ 600 ሺህ ዶላር እንደሚጠጋ በሰፊው ይነገራል።

እንዲህ ያለ ውል የሚበላሸው «ትርፍ» በሚለው ላይ ነው። ስቱዲዮው የማከፋፈያ ክፍያ፣ የማስታወቂያ ወጪ፣ የቢሮ ወጪና ወለድ ቀንሶ የሚቀረውን ብቻ ትርፍ ካለ፣ ብዙ የተሸጠ ፊልም በወረቀት ላይ ከሳሪ ሊሆን ይችላል። አቅም ያላቸው ተዋናዮች ኋላ ድርሻቸውን ከተጣራው ትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላው ገቢ ላይ መጠየቅ የጀመሩት ለዚህ ነው።

የማይታመኑት ነገሮች

ከዚህ ፊልም ታሪክ ለመማር የሚፈልግ መጠንቀቅ አለበት። መነሻ ሐሳቡ የስቱዋርት ሌክ ነው፤ ሌክ በ1931 የኧርፕን ዝና የገነባውን የሕይወት ታሪክ የጻፈ ሰው ነውና ኧርፕ እዚህ በከተማው ሁሉ የተከበረ አባት ሆኖ መታየቱ አያስገርምም። እውነተኛው ኧርፕ በ1876 የ28 ዓመት ጎልማሳና የማርሻሉ ረዳት ነበር። የሚታየው መሬት የካንሳስ ሜዳ አይደለም፤ ፊልሙ የተቀረጸው በአሪዞና ነው። የአሜሪካው ጄነራል ከስተር ጦር በሊትል ቢግሆርን በሕንዶች የተደመሰሰው በጁን 25 ቀን 1876 ስለሆነ በፊልሙ የሚነሳው የዚህ ውጊያ ወሬ በጁላይ መጀመሪያ ቀናት ትኩስ መሆኑ ትክክል ነው፤ የላኮታና የሸየን ተዋጊዎች ባለብዙ ጎራሽ ጠመንጃ ይዘው እንደነበርም በውጊያው ሜዳ የተቆፈሩ ቀለሆች አረጋግጠዋል። ግን ያሸነፉት በመሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ በቁጥርም እጅግ ይበልጡ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ያንግ ቡል ነው። ሚናውን የያዘው ቆዳው የተቀባ ነጭ ተዋናይ፣ ገና ዝና ያላገኘው ሮክ ሃድሰን ነው፤ የሚናገረውም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ሌሎቹ የጠመንጃው ባለቤቶች ሁሉ ስስት፣ ፍርሃት ወይም ቂም አላቸው፤ እንደ ሰው ይፈረድባቸዋል። ያንግ ቡል ግን ለምን እንደሚዋጋ ከጥቂት ቃል በላይ አይጠየቅም፣ ለሟቾቹም ደም የሚመልስ ወገን ያለው ሰው ሆኖ አይታይም። ፊልሙ በቀልን ይህን ያህል በጥንቃቄ መርምሮ፣ መሬቱን የተነጠቀውን ሕዝብ ቂም ሳይነካው አልፏል።